ግጭ ላይ ችግኝ ብንተክልስ?

ጥያቄው የመጣው ጎንደር ከተማ ከሚያስተምሩ አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ስሜን ተራሮች ሄጄ ነበር። ከሳንቃበር አልፈን፣ ግጭን ተሻግረን ወደ እሜት ጎጎ ስንወጣ ዛፉ አለቀ። ሜዳው ሳርና ጅብራ ብቻ ነው። አንዷ ተማሪ ‹ይሄ ሁሉ መሬት ባዶውን ከሚቀመጥ ለምን በክረምት መጥተን ችግኝ አንተክልበትም?› አለችኝ። ሌሎቹም ደገፏት። አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። እውነት ደኑ ተጨፍጭፎ ነው? ወይስ ድሮም እንዲህ ነበር? እንዲህ ዓይነት ቦታስ አፍሪካ ውስጥ ሌላ የት ይገኛል?»

ሰላም መምህር። ተማሪዋን ያመስግኑልኝ። ጥያቄዋ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። የችግኝ ተከላ ሰሞን በመጣ ቁጥር ተመሳሳይ ሐሳብ እሰማለሁ። ዛፍ የሌለበት ተራራ ሲያይ ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት «ተራቁቷል» የሚለው ቃል ነው።

መልሴን በግልጽ ላስቀምጥ። ወደ እሜት ጎጎ ስትወጡ ያያችሁት ሳር የተራቆተ መሬት አይደለም። በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የኖረ፣ ራሱን የቻለ የደጋ ጫፍ ሥርዓተ ምሕዳር ነው። እዚያ ዛፍ መትከል ደን መመለስ አይሆንም። ጓሳውን፣ ያን የደጋ ሳር፣ ማጥፋት ነው የሚሆነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ስላለው መሬት ግን ልጅቷ እውነት አላት። ከእሱ ልጀምር።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ዙሪያው አንድ ጊዜ ደን ነበር፤ ጥድ፣ ኮሶ፣ ወይራ። ዛሬ የሚታየው የገብስ ማሳና ባሕር ዛፍ ነው። የአገሬው ዛፍ ምን ይመስል እንደነበር ለተማሪዎች ማሳየት ከፈለጉ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይግቡ። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጡ አስታ የሚባለው ዛፍ ይረከባል። ሳንቃበር አካባቢ ያያችሁት እሱ ነው። በመሀሉ ቢጫ አበባ ያለው አመጃ አለ። ከአስታው ቅርንጫፍ የተንዠረገገው ግራጫ ነገር ደግሞ የዛፍ ሽበት ነው። ከገደሉ ሥር የሚነሳው ጉም በየከሰዓቱ ስለሚያለብሰው እዚያ ይመቸዋል።

ይህ የአስታ ቀበቶ ድሮ ከዛሬው ይሰፋ ነበር። ለማገዶና ለቤት ተቆርጧል፤ ቦታው ለገብስ ታርሷል፤ ከብትም ግጦበታል። ግጭ መንደር ዙሪያ የሆነው ይኸው ነው። የመንደሩ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ከአባት ከአያት የወረሱትን ቀዬ ነው ጥለው የወጡት። ስለ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስናወራ የእነሱን ነገር ዘሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። እንግዲህ እዚያ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ዛፍ ሊመለስ ይችላል። ሆኖም ያን ያህል የኛን ቁፋሮ አይፈልግም። አስታ ቢቆረጥም፣ ቢቃጠልም፣ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። የሚፈልገው ከመጥረቢያና ከከብት ማረፍ ነው።

ከ3,700 ሜትር ገደማ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። አስታው እያጠረ እያጠረ ሄዶ ቁጥቋጦ ይሆናል። ከዚያ ጨርሶ ይቀራል። ይህን መስመር ያሰመረው መጥረቢያ አይደለም። ብርዱ ነው። በየአህጉሩ ያሉ ተራሮች ሲነጻጸሩ ዛፍ መብቀሉን የሚያቆመው የዕድገት ወቅቱ አማካይ ሙቀት ወደ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲወርድ ነው። ከዚያ በታች ዛፍ አዲስ እንጨት መሥራት አይሆንለትም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ከጎንደር ከተማ እስከ ስሜኑ ቧሂት ተራራ ጫፍ (4,430 ሜትር) ያለው ልዩነት 2,300 ሜትር ያህል ነው። ስሌቱን ለተማሪዎቹ ይተዉላቸው።

ነገር ግን አማካይ ሙቀት ብቻውን የዚህን ቦታ ጠባይ አይናገርም። እኛ ያለነው ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። ስለዚህ በወርና በወር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ትንሽ ነው። ሰፊው ልዩነት በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ነው። ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። ሌሊት ሰማዩ ከጠራ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አውሮፓ ያለ ተክል ክረምቱ ሲመጣ ቅጠሉን አራግፎ፣ ተኝቶ፣ ጸደይን ይጠብቃል። የስሜን ተክል እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። በጋና ክረምቱ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈራረቁበታል። በማግስቱም እንደገና።

በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ጨነቅ በሚባለው የፓርኩ ማደሪያ ወይም ግጭ ያደረ ሰው ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ ሣር ያልሸፈነው መሬት ላይ ቢረግጥ ከእግሩ ሥር ኩርሽም ይልበታል። ጎንበስ ብሎ ያን አፈር በጣት ገለጥ ማድረግ ነው። ከሥሩ ቀጥ ቀጥ ብለው የቆሙ ቀጫጭን የበረዶ መርፌዎች አሉ። አፈሩን በጫንቃቸው ተሸክመውታል። በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ ሌሊት ሲረጋ ወደ ላይ እየገፋ ያወጣቸው ናቸው። ፀሐይ ስትሞቅ ይቀልጣሉ፤ አፈሩም ተመልሶ ቁጭ ይላል። ማታ እንደገና ይነሳል። አሁን እዚያ ላይ አንድ የጥድ ችግኝ አለ እንበል። ሥሩ ገና ክር ነው። በየሌሊቱ ወደ ላይ ይጎተታል፤ ቀን ይለቀቃል። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ሥሩ ይበጠስና ችግኙ በጎኑ ይጋደማል። ብርዱ ሳይገድለው መነቀሉ ይገድለዋል። ጓሳ ግን ጠቅጠቅ ብሎ በጉብታ ስለሚበቅል አፈሩን አንቆ ይይዛል። የበረዶ መርፌ ጓሳው ሥር አይበረታም። ስለዚህ የሣሩን ሽፋን ለችግኝ ጉድጓድ ሲሉ መቆፈር ማለት ለመርፌው በር መክፈት ነው። ለክረምቱ ጎርፍም እንደዚያው።

ታዲያ ጅብራ እንዴት ይቆማል? እሱን ብዙ ሰው ዛፍ ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ከዛፍ የራቀ ነው። የሎቤሊያ ወገን ነው፤ ሌላ አገር በአበባ ማሰሮ ውስጥ ከሚተከሉት ትንንሽ አበቦች ጋር ይዛመዳል። የኛው ጅብራ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። የሚኖርበትን ዘዴ ልብ ብሎ ለሚያይ ይገርማል። ዕድገቱ ሁሉ ያለው በአንድ እምቡጥ ላይ ነው፤ ከቅጠሎቹ መሀል። የውስጠኞቹ ቅጠሎች ያን እምቡጥ እንደ ጥቅል ጎመን ደራርበው ይሸፍኑታል። ጠራ ባለ ሌሊት ከሁሉ የሚበርደው ደግሞ መሬቱን ተጠግቶ የሚተኛው አየር ነው። ጅብራው ሲያድግ እምቡጡን ከዚያ አየር በላይ ከፍ አድርጎ ይወስደዋል። አደጋ ላይ የሚኖረው ልጅነቱን ነው። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። ከመሀሉ የሚወጣው የአበባ ዘንግ ተክሉን ከሰው ቁመት ከሁለት እጥፍ በላይ ያደርሰዋል። ዱቄት የሚያህል ዘር ለንፋስ ይበትናል። ከዚያ ይሞታል። ሜዳው ላይ ቆመው የሚታዩት ጥቋቁር ደረቅ ግንዶች ያበቡት ናቸው። ተማሪ ሲያልፍ በእጁ ገፍቶ ሊጥለው ይችላልና ይከልክሉልኝ።

አሁን «ባዶ» ወደሚለው ቃል ልምጣ። ግጭ ሜዳ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚያይ ሰው ከጭላዳ በቀር ብዙ እንስሳ አያይም። ምክንያቱም ሕይወቱ ያለው ከሣሩ ሥር ነው። አይጥ። የጓሳው ሜዳ በአይጥ ዋሻ የተወጠረ ነው። ከላይ ንፋስና ውርጭ፣ ከሥር ሙቀትና ሥራ ሥር። ቀይ ቀበሮ እዚያ የሚኖረው በእነሱ ነው። ጭልፊትና ንስሩም ከእነሱ ይበላሉ።

ቀይ ቀበሮን ስሙ ቀበሮ ቢለውም ዝምድናው ከተኩላ ወገን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ ስሜን አለ። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ እኛ አገር የመጣው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፐል ነው ለሳይንስ ያስተዋወቀው። በመላው ዓለም የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ስሜን ያለው ጥቂት ነው። በቤተሰብ ተሰባስበው ይኖራሉ፤ ድንበራቸውን አብረው ይጠብቃሉ። አደን ሲወጡ ግን ለየብቻቸው ነው። አይጥ ለመያዝ ጓደኛ አያስፈልግም።

ጭላዳ ግን ያስፈልጋል ይሆናል። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቹ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል። ጭላዳ ከዝንጀሮ ዘመዶቹ ሁሉ ተለይቶ ሣር በመጋጥ የሚኖር ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ እየነጨ ይበላል፤ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ሥር ይቆፍራል። ማታ ገደል ወርዶ ያድራል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ መንዝ ጓሳ በሚባለው ቦታ ላይ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ቀይ ቀበሮ ወደ ጭላዳ መንጋ መሀል ይገባል። ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ጭላዶቹ ቀና ብለው ያዩትና ወደ ሣራቸው ይመለሳሉ። ውሻ ወይም ጅብ ቢሆን ኖሮ መንጋው በጩኸት ወደ ገደል ይንደረደር ነበር። ግልገል ጭላዳ አጠገቡ አለ፤ አይነካውም። የሚያየው መሬቱን ነው። ቆም ይላል፣ ጆሮውን ያቆማል፣ ይዘላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጥናት መሠረት ቀበሮው በጭላዳ መሀል ሆኖ ካደረጋቸው ሙከራዎች 67 በመቶው ተሳክቷል። ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ። የጭላዶቹ መነካካት አይጦቹን ከዋሻቸው ያስወጣ ይሆናል፤ ወይም የብዙ እግር ኮቴ የቀበሮውን ኮቴ ይሸፍንለታል። ሁለቱም ሣሩ ባይኖር አይኖሩም። ያን ሣር ነው ባዶ የምንለው።

አንድ ልጨምር። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎች ከታች ቢጫ ከላይ ቀይ የሆነ ረጅም የደጋ አበባ ሲልሱ ታይተዋል። ማሩን ነው የሚፈልጉት። በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ የላሰ አለ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። አፍንጫቸው የአበባ ዱቄት ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። የእረኛ ልጆችም ያን አበባ ይመጡታል። ትልቅ ሥጋ በል አውሬ በዚህ ደረጃ አበባ ላይ ሲመላለስ ከዚያ በፊት የተመዘገበ አልነበረም። በጣም የታወቀ በሚመስለን እንስሳ ላይ ገና ያላየነው ስንት ነገር እንዳለ ያሳያል።

ዋሊያን ደግሞ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ዋሊያ የሜዳ እንስሳ አይደለም፤ የገደል ነው። ቧሂት ሥርና ጨነቅ አካባቢ ገደሉን ተደግፎ ነው የሚታየው፤ ጠዋትና ማታ ወደ ሣሩ ይወጣል። ከስሜን ሌላ የትም የለም። የቅርብ ዘመዶቹ በቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ የሚኖሩት የኑቢያ የተራራ ፍየሎች ናቸው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው፤ ዋሊያ ለዚህ ዋነኛ ምክንያት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያሳለፍነው ጊዜ ግን ለዋሊያ ደግ ጊዜ አልነበረም።

እንዴት እዚህ ብቻ ቀሩ? የእርስዎ ትምህርት የሚገባው እዚህ ነው። የስሜን ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈሶ የተከመረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከዚያ በኋላ ወንዙና ዝናቡ ገዘገዘው። ከእሜት ጎጎ ቁልቁል የሚታየው ገደል የመሸርሸር ሥራ ነው። በበረዶ ዘመን ራስ ዳሸንና ቧሂት ላይ የበረዶ ግግር ነበር፤ ጥሎት የሄደው የድንጋይ ክምር ዛሬም አለ። ያኔ ብርዱ ወደ ታች ስለወረደ ጓሳና ጅብራው አሁን ገብስና ስንዴ በሚበቅልበት ከፍታ ላይ ነበር። ተራራና ተራራ ይገናኝ ነበር። አየሩ ሲሞቅ ጓሳው ወደ ላይ አፈገፈገ፤ እንስሳውም ተከተለው። ዛሬ ስሜን፣ ጉና፣ ጮቄ፣ አቡነ ዮሴፍ፣ መንዝ፣ አርሲና ባሌ ላይ ያለው ጓሳ በቆላና በወይና ደጋ ባሕር የተከበበ ደሴት ነው። አንዱ ደሴት ላይ ያለ ቀይ ቀበሮ ወደ ሌላው አይሻገርም። ደሴቱ ላይ ካለቀ፣ አለቀ። ጮቄ ላይ አልቋል።

በአፍሪካ ሌላ የት አለ ላሉት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው የአህጉሩ መሬት አምስት እጅ አራቱ የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ትልቁ ያልተቆራረጠ ሜዳ የባሌው ሳነቴ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ዝርግ ሆኖ የሚሄድ። እዚያ ከባሌ በቀር የትም የማይገኝ፣ ኪሎ የሚደርስ ትልቅ ፍልፈል አለ፤ የባሌ ቀበሮዎች የሚበዙት አንድም በእሱ ነው። (ባሌ ፊንጫ ሀበራ በሚባል ዋሻ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ30,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ይህንኑ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር ቅሪቱ ተገኝቷል። ደጋ ጫፍ ላይ መኖር አዲስ ነገር አይደለም።)

ከኢትዮጵያ ውጭ ያሉት በአብዛኛው ለየብቻ የቆሙ ከፍታዎች ናቸው። የኬንያ ተራራ፣ አበርዴር፣ ኤልጎን፣ ኪሊማንጃሮ፣ ሩዌንዞሪ፣ ቪሩንጋ። ሁሉም ግዙፍ ሎቤሊያ አላቸው፤ ዝርያው ግን በየተራራው ይለያያል። ኬንያ ተራራ ላይ ቅጠሉ መሀል ውኃ የሚያቁር ሎቤሊያ አለ። ሌሊት የውኃው ገጽ ይረጋል፤ እምቡጡ ከበረዶው ክዳን ሥር ሳይረጋ ያድራል። ሽኮኮዎች እዚያ እስከ በረዶው ጫፍ ድረስ ወጥተው ይኖራሉ። ሩዌንዞሪ ደግሞ ዝናቡ የማያቋርጥ ስለሆነ ሜዳው ረግረግ ነው፤ እግር ይውጣል። ተማሪዎች ስለ አፍሪካ ደጋ ፎቶ ሲፈልጉ ወፍራም ግንድ ኖሮት ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ የቅጠል ጎፈር ያለው ተክል ያገኛሉ፤ የሞተ ቅጠሉን እንደለበሰ የሚቆም። ግዙፉ ሴኔሲዮ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች መለያ ነው፤ እኛ ጋ የለም። ስሜን ተብሎ የዚህ ተክል ፎቶ ከመጣላቸው ፎቶው የሌላ አገር ነው። ወደ ደቡብ የሌሶቶና የድራከንስበርግ ደጋ አለ፤ እሱ እውነተኛ ክረምት ስላለው ጠባዩ ይለያል። አጥንት ከሰማይ ዓለት ላይ እየጣለ ሰብሮ መቅኑን የሚበላው ጺማሙ አሞራ ግን እዚያም አለ፤ ስሜንም አለ።

አሁን ወደ ጎንደር ልመለስ፤ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የጓሳ መሬት አፈር ጥቁርና ቀላል ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ በብርዱ ምክንያት ሳይበሰብስ የከረመ ሥራ ሥር የሞላበት። የክረምቱን ዝናብ ይይዝና በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ግጭ አካባቢ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛው በክረምት ነው። የስሜን ውኃ ወደ ተከዜ ነው የሚወርደው። ለጣና የሚቀርበው ደግሞ የጉና ተራራ ነው፤ ርብና ጉማራ የሚነሱት ከዚያ ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጓሳና ጅብራ ነበረው፤ አሁንም ጫፉ ላይ አለው። ግን ገብሱ በየጊዜው ከፍ እያለ ወጣበት፤ ከብቱም በዛ። ጓሳው ሲገፈፍ ዝናቡ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ ፎገራ ላይ ደለል ሆኖ ይተኛል። ስለ ስሜን ሁሉም ያወራል። ስለ ጉና ግን ጎንደር ውስጥ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም። መሬት ሲጠብ ሰው ወደ ላይ ይወጣል። መንዝ ላይ ግን ሕዝቡ ራሱ ከ400 ዓመት ገደማ በፊት ሥርዓት አበጅቶ ነበር። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል። ማንም አያጭድ፣ ማንም አያሰማራ። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል። ከዚያ ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ ግን ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ አቋቁሞ ይዞታል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አብረው የሚታዩት እዚያ ነው። ጉና ላይ ሊሠራ የሚችል ነገር ካለ እንዲህ ያለው ይመስለኛል።

ከእርሻው ሌላ ሁለት አደጋ አለ። አንዱ ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ላይ በሽታው በገባበት ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስት እጁን ጨርሷል። ውሾች ይከተባሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ባሌ ላይ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ለቀበሮዎቹም ይሰጣል። ሁለተኛው እሳት ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ስሜን ሲቃጠል ጎንደር ሁሉ ያስታውሰዋል። በእጅና በቅጠል ሲያጠፉ የነበሩት በአብዛኛው የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

የሚያበረታ ነገርም አለ። በ2012 ዓ.ም. ስሜን ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ በጥይት ተመቶ እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። እዚያው ተራራ ላይ መጠለያ ተሠርቶለት፣ ሐኪም ተመድቦለት ታከመ። ስሙን ተረፈ አሉት። ድኖ፣ የመከታተያ ቀበቶ ታስሮለት ተለቀቀ። ቀይ ቀበሮ ተይዞ፣ ታክሞ ወደ ዱር ሲመለስ የመጀመሪያው ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ «ተረፈ ዛሬ የት ዋለ?» ማለት ጀመረ።

እንግዲህ ተማሪዎቹ መትከል ከፈለጉ ይትከሉ፤ ቦታውን ግን ይምረጡ። ደባርቅ፣ ዳባትና ወገራ ላይ የተራቆተው ገደላ ገደልና የወንዝ ዳር ብዙ ነው። ኮሶ፣ ወይራና የአበሻ ጥድ ይሁን። ባሕር ዛፍ ማገዶ ይሆናል፤ እሱን ገበሬው ራሱ ይተክለዋል፤ የትምህርት ቤት ድካም የሚያስፈልገው የአገሬው ዛፍ ነው። ከ3,600 ሜትር በላይ ግን ዶማ ይዞ መውጣት አያስፈልግም። እዚያ የሚረዳው መከለል ነው፤ ሰው ከመንገዱ እንዳይወጣ፣ ከብት እንዳይገባ፣ እሳት እንዳይለኮስ።

በሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ ቴርሞሜትር ይያዙ። አንዱን መሬት አስጠግተው፣ ሌላውን ከጅብራ ቅጠል ከፍታ እኩል በእንጨት ላይ አስረው ይደሩ። ሰማዩ በሚጠራበት ወር ይሁን፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ይሻላል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሁለቱን ያንብቡ። ዋናውን እምቡጥ ግን ገልጠው አይለኩ፤ ያ ሽፋን ከተነሳ ተክሉ ሊሞት ይችላል። ከቻሉ ተመሳሳይ ልኬት ጉና ላይም ይውሰዱ፤ አንዱን ሣሩ ባለበት፣ ሌላውን በታረሰው ላይ። ውጤቱን ቢልኩልኝ አብረን እናየዋለን።